ግንቡ ተሰነጠቀ? ከማስለሰንዎ በፊት ምክንያቱን ይወቁ

ልስን ስንጥቅን ይሸፍናል እንጂ አያድንም። ደጋግሜ የምለው ጅማ ላይ ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ ሰው ለልስንና ለቀለም የሚያወጣው ብር ስለሚያሳዝነኝ ነው። ዝናባችን በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ግንበኛው የዘለላትን ሁሉ ውሃው ፈልጎ ያወጣታል።

ስንጥቁ እንደ ደረጃ ይወርዳል

የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ ወደ ማዕዘን የሚወርድ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የመሠረት ችግር ነው። በተለይ ሜዳማና ውሃ በሚተኛበት ሰፈር፣ ዋልካ አፈር ላይ የቆመ ቤትን ያጠቃዋል። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ቤቱንም ይዞት ይወጣል ይወርዳል።

መጀመሪያ ስንጥቁ መቆሙን ያረጋግጡ። ጄሶ በጥብጠው ስንጥቁን አቋርጦ ይለጥፉና ቀኑን ይጻፉበት። ከወራት በኋላ ጄሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው። ያኔ ማስለሰን ገንዘብ መጣል ነው። ይልቅ ውሃውን ከመሠረቱ ያርቁ፦ አሸንዳ ያስገጥሙ፣ ዙሪያውን ወደ ውጭ ያዘነበለ ሲሚንቶ ያስነጥፉ፣ ቦይ ያስቆፍሩ። ስንጥቁ ጣት የሚያስገባ ከሆነ ወይም በሩ አልዘጋ ካለ ግን መሐንዲስ ይጥሩ። ይህን ለነገ አይበሉት።

ኮለኑና ብሎኬቱ ሲላቀቁ

በኮለኑ (በአርማታው ምሰሶ) ጎን ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቀጭን መስመር ከሆነ ብዙ አያስጨንቅ። አርማታና ብሎኬት እኩል አይኮማተሩም። ልስኑን ግራና ቀኝ ያስፍቁ፣ የዶሮ ሽቦ ያስመቱና እንደገና ያስለስኑ።

ቡኮው ይፈረፈራል

ብሎኬቶቹን የሚያያይዘውን ቡኮ (የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ) መጋጠሚያው ላይ በሚስማር ጫር ያድርጉት። እንደ ዱቄት ከወረደ ወይ ሲሚንቶው ተቆጥቧል፣ ወይ አሸዋው አፈር ነው፣ ወይ ጠዋት የተቦካውን ከሰዓት ውሃ እየጨመሩ ሠርተውበታል። ቡኮ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ማለቅ አለበት። ደርቆ በውሃ የተመለሰ ቡኮ ጉልበቱ አልቋል። ጎበዝ ግንበኛ የሚያስቦካው የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ነው፤ ሙያ ማለትም ይሄ ነው።

መፍትሄው የላላውን 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ መፈልፈል፣ አቧራውን መጥረግ፣ ውሃ ማርከፍከፍና አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ በሆነ ቡኮ መሙላት ነው። ከዚያ ለ7 ቀን ውሃ ያጠጡት።

አሸዋውን ግን አስቀድመው ይፈትኑ። የሃይላንድ ፕላስቲክ እስከ ግማሹ አሸዋ ሞልተው ውሃ ይጨምሩ፣ ጨው ጣል ያድርጉበትና በደንብ ነቅንቀው ያስቀምጡት። ከላይ የሚተኛው ደለል ወፈር ካለ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ።

ግድግዳው ሥር ነጭ ዱቄት

እርጥበት ከመሬት ይዞት የወጣ ጨው ነው። መሠረቱና ግድግዳው መካከል ውሃ የሚከለክል ነገር አልተነጠፈም፣ ወይም የግቢው አፈር ከወለሉ በላይ ተቆልሏል። አፈሩን ከወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያድርጉ። ጨውን በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት እንጂ አይጠቡት። ቀለሙን ደግሞ ግድግዳው በደንብ ሳይደርቅ አይቀቡ፤ እስከ ኅዳር ቢቆይ ይሻላል።