የጓሮ ጉብኝት በሰፈራችሁ ለማዘጋጀት

የሰው ጓሮ መናፈሻ አይደለም። በሩ ሲከፈት ከጽጌረዳው ጋር የተሰጣው ልብስ፣ ያልተጠገነው ቆርቆሮ፣ የታሰረው ውሻም ይታያል። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሰፈር ቅዳሜና እሑድ ጓሮ የሚያስጎበኝ ሰው ከጎብኚው አስቀድሞ ለባለጓሮው ማሰብ ያለበት ለዚህ ነው። ጎብኚ ቅር ቢለው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ባለጓሮ ቅር ካለው ግን ለከርሞ በሩን አይከፍትም፤ ጎረቤቶቹም ወሬውን ሰምተው ይዘጋሉ።

ወሩ ጥቅምት ቢሆን ይመረጣል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የሚበረታበት ነው፤ መስከረም ላይ አደይ አበባው ቢያምርም መሬቱ ገና ጭቃ ነው፣ ከሰዓት በኋላም ድንገት ይዘንባል። ኅዳር ከገባ ደግሞ ሌሊቱ ይቀዘቅዝና ቲማቲሙንና የድንቹን ቅጠል ውርጭ ሊያቃጥለው ይችላል። ጥቅምት በዘመነ ጽጌ ውስጥ ነው የሚውለው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ቢሆንም የሚጾመው ብዙ ነው፤ ስለዚህ የሚቀርበው ሁሉ የጾም ይሁን። እሑድ ሰው ከቅዳሴ የሚመለስበትን አስቡና ከ4 ሰዓት በፊት አትጀምሩ። ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት የእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ በየትኛው እሑድ እንደሚውል ጠይቁ። በዚያው ሳምንት ሰፈሩ ውስጥ ለቅሶ ከተቀመጠ ጉብኝቱ በአንድ ሳምንት ይገፋል፤ ይህ ለክርክር አይቀርብም። ስለዚህ ገና ከመነሻው ተለዋጭ ቅዳሜና እሑድ ያዙና ከዋናው ቀን ጋር አብራችሁ አስታውቁ።

ስድስት ጓሮ ይበቃል፤ ሦስቱ ቅዳሜ፣ ሦስቱ እሑድ። ውበትን ብቻ መለኪያ ካደረጋችሁ ስድስት የጽጌረዳ ጊቢ ይገጥማችሁና ሰው ሦስተኛው ላይ ማዛጋት ይጀምራል። አንዱ እንሰትና ጎመን ያለበት፣ አንዱ ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴ፣ ኮሰረትና በሶብላ የያዘ የመድኃኒትና የቅመም ጓሮ፣ አንዱ ጌሾና ሎሚ የበዛበት፣ አንዱ ደግሞ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በጄሪካንና በማዳበሪያ ከረጢት ሰላጣ የሚያበቅል ቢሆን ጎብኚው ከየቤቱ የተለየ ነገር ይዞ ይወጣል። በእኛ ግምት ከሁሉ የበለጠ ጥያቄ የሚነሳው በረንዳው ላይ ነው፤ መሬት የሌለው ከተሜ ብዙ ነዋ። ግን በረንዳ የአንድ ቡድንን 12 ሰው በአንዴ አይችልም፤ አራት አራት እያላችሁ አስገቡ፣ የቀሩት ደረጃው ላይ ሳይሆን ታች ይጠብቁ።

መጀመሪያ ስታናግሯቸው አብዛኞቹ ባለጓሮዎች “እኔ ምን ጓሮ አለኝና!” ይላሉ። ይህ እንቢታ አይደለም። እንቢታው የሚታወቀው በሁለተኛው ጉዞ ላይ ነው፤ ቀን ሲጠየቁ “እናያለን” ካሉ አታስጨንቋቸው። እሺ ያሉትን ጉብኝቱ በሚደረግበት ሰዓት ሄዳችሁ እዩ፤ ጥላው የት እንደሚያርፍ፣ መተላለፊያው ስንት ሰው እንደሚያሳልፍ ያኔ ይታያል። የትኛው መደብ እንዲታይ፣ የትኛው እንዲከለል እነሱ ይወስኑ። የሰው ዓይን ፈርተው የሚሸፍኑት ተክል ካለ ምክንያቱን አትጠይቁ፤ ማዳበሪያ ከረጢት አቀብሏቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መስተንግዶው ነው። እንግዳ በባዶ ቤት አይሸኝም የምትል እናት 36 ሰው ይመጣል ሲባል ዳቦ ደፍታ፣ ጠላ ጠምቃ ትጠብቃለች። ቀጥሎ ያለው ቤት ደግሞ አቅም ሳይኖረው በይሉኝታ ይበደራል። አንድ ቤት ደግሶ ሌላው ባዶ ከሆነ ጉብኝቱ ሳያልቅ ቅሬታ ይነሳል። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ላይ ሰብስባችሁ ደንብ አውጡ፦ በየጓሮው ውኃ እንኳ አይቀርብም፤ ቡናው በመጨረሻ አንድ ቦታ፣ በአዘጋጆቹ ወጪ ይፈላል። ይህን ለየብቻ ከነገራችኋቸው አይሠራም፤ እያንዳንዱ “ለኔ ብቻ ነው እንዴ?” ይላል። ለ36 ሰው ሦስት ትልልቅ ጀበና፣ አራት ኪሎ ቆሎና የጾም ዳቦ ይበቃል፤ አቦል ብቻ ይቅረብ፣ ሦስቱንም ዙር ካላችሁ እስከ 8 ሰዓት ትቀመጣላችሁ።

የሰዓቱ አሠራር እንዲህ ነው። በቀን 36 ሰው በሦስት ቡድን፣ 12 በ12 ይከፈላል። በአንድ ጓሮ 30 ደቂቃ፣ ለመንገድ 10 ደቂቃ። 4፡00 ላይ ሦስቱ ቡድኖች በሦስቱ ጓሮዎች በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ፤ 4፡40 ላይ ይቀያየራሉ፤ በ5፡20 የገቡት 5፡50 ላይ ወጥተው ለቡና ይገናኛሉ። ጓሮዎቹ በእግር ከ10 ደቂቃ በላይ ከተራራቁ ይህ ይፈርሳል፤ አንዱ ቡድን ሲዘገይ ሌላው በር ላይ ይደርስበትና ጠባቡ ጊቢ ውስጥ 24 ሰው ይገኛል። ለየቡድኑ የተለያየ ቀለም ያለው ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ስጡ። በየጊቢው ሁለት ሰው መድቡ፤ አንዱ ትንሿ በር ላይ ሆኖ የገባውንና የወጣውን ይቁጠር፣ ሌላው ውስጥ ይሁን። ትልቁን በር አትክፈቱ፤ መንገደኛው ሁሉ ዝግጅት መስሎት ይገባል። ለወረዳው ጽሕፈት ቤትና ለሰፈሩ ጠባቂዎች ቀድማችሁ አሳውቁ።

ጊቢውን ማዘጋጀት ከሦስት ሳምንት በፊት ይጀምራል። ከመንገድ ዳር የችግኝ ሻጮች አበባ ገዝቶ ቦታውን ማሳመር የሚፈልግ ካለ የመጨረሻው ጊዜ ይህ ነው፤ ሁለት ቀን ሲቀረው የተተከለ አበባ ሥሩ ስላልያዘ በዕለቱ አንገቱን ደፍቶ ይታያል። ትኩስ ፍግም ከዚህ በኋላ አይበተን፣ ሽታውና ዝንቡ አይለቅም። ጎብኚ ቅጠል ቀንጥሶ መቅመሱ ስለማይቀር ጸረ ተባይ ቢያንስ 14 ቀን ቀድሞ ይቁም፤ የመድኃኒቱ ማሸጊያ የበለጠ ቀን ካዘዘ እሱን ተከተሉ። ሣሩ አራት ቀን ሲቀረው ይታጨድ። ውኃ የሚጠጣው ዋዜማውን ነው፤ ጠዋት ከጠጣ መተላለፊያው ይላቁጣል። በተለይ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ሮቶው መሞላቱን ሐሙስ ላይ አረጋግጡ፤ እጅ መታጠቢያም መጸዳጃ ቤትም የሚሠራው በሱ ነው።

መተላለፊያው ለአንድ ሰው 60 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለት ሰው እንዲተላለፍ 120 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። ጠባብ ከሆነ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል መውጣት ነው፤ መውጫ ከሌለው ስድስት ስድስት ይግቡ። የሚያዳልጠው ቦታ ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሰጋቱራ አልብሱ፤ የደረጃውን ጠርዝ በኖራ ቀቡ። ቄጠማ መጎዝጎዝ ያምራል፣ ግን ቡናው ጋ ብቻ ይሁን፤ መንገድ ላይ ከተጎዘጎዘ ጉድጓድም ድንጋይም ይደብቃል። የውኃ ጉድጓድና የሽንት ቤት ክዳን አንድ ሰው ቆሞበት ይፈተሽ። ውሻው ጊቢው ጥግ ቢታሰር ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጮኽ ይውላል፤ ለዚያ ጠዋት ጎረቤት ቤት ቢቆይ ለሱም ለሰውም ይሻላል። የንብ ቀፎ ካለ ከፊት ለፊቱ ማንም እንዳይቆም ገመድ ዘርጉ።

ከእጽዋቱ መካከል ማስጠንቀቂያ የሚሹ አሉ። ጤና አዳም ለቡና እየቀነጠስን የኖርን ሰዎች አደጋ ያለው አይመስለንም፤ ነገር ግን ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ጠንካራ ፀሐይ ሲያገኘው በማግሥቱ እንደ ቃጠሎ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። የቀነጠሰ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። የአጥር ቅንጭብ ሲሰበር የሚፈሰው ነጭ ወተት ዓይን ከገባ ክፉኛ ይጎዳል፤ በብዙ ውኃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። የጉሎ ፍሬ መርዛም ስለሆነ ልጆች የሚመጡ ከሆነ ፍሬውን ቀድማችሁ ልቀሙት። እንሰቱ ጋ ደግሞ ማንም ሰው ቢላ ይዞ አይግባ፤ አጠውልግ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ዋናው ያልጸዳ መቁረጫ ነው። የእንሰት ችግኝ መለዋወጥንም በዚሁ ምክንያት አትፍቀዱ።

ስም መለጠፊያው ቀላል ነው። ነጭ ጄሪካን በ3 በ20 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ፣ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ አድርጉና በእርሳስ ጻፉበት። ማርከር ደምቆ ቢታይም ፀሐይ ያደበዝዘዋል፤ እርሳስ ግን ከርሞ ይነበባል። ስሙን፣ የሚያገለግለውን ክፍልና የተተከለበትን ዓመት ጻፉ።

ሰው በጣም የሚወደው የችግኝ መለዋወጫውን ጠረጴዛ ነው፤ ይህም ስምንት ሳምንት ቀድሞ፣ በነሐሴ ይጀመራል። የጥብስ ቅጠል ጫፉን 10 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፉ፤ ጽጌረዳ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆንና ሦስት አራት አንጓ ያለበት ይሁን። በችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ 3 እጅ የጓሮ አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ኮምፖስትና 1 እጅ አሸዋ ደባልቁ። ብዙው የሚበላሸው በውኃ ብዛት ነው፤ በክረምት ዝናቡ ሳያንስ ሰው ደግሞ ያጠጣል፣ ሥሩ ይበሰብሳል። ከጣሪያ ጠርዝ በታች፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጧቸውና አፈሩ በጣት ሲነካ ሲደርቅ ብቻ አጠጡ።

መግቢያ የምታስከፍሉ ከሆነ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ካርዱ ላይ ይጻፍ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1927 የተጀመረው የግል ጓሮዎች ጉብኝት 609 ጓሮ አስከፍቶ ከየጎብኚው አንድ ሽልንግ ሲሰበስብ ገንዘቡ ለነርሶች አገልግሎት እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። እዚህ ለእድሩ ወይም ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ቢሆን ባለጓሮውም በሩን የሚከፍተው በኩራት ነው። ፎቶ የሚፈቀደው ተክሉን ብቻ ነው፤ የቤት ቁጥር፣ በርና ልጆች አይነሱም።

ዝናብ ካለ ውሳኔው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይሰጥና ለሁሉም በስልክ ይነገር። ጉብኝቱ እንዳለቀ፣ ሰው ቡና ላይ እያለ፣ ሁለቱ አስተናጋጆች ወደየጊቢው ተመልሰው ሰጋቱራውን ይጥረጉ፣ የተረገጠውን መደብ ያቅኑ። የተሰበረ ቅርንጫፍ ካለ ባለጓሮው ከማየቱ በፊት ራሳችሁ ንገሩት፤ ከጠረጴዛው ላይም መጀመሪያ የሚመርጠው እሱ ይሁን።