ነጩ ሞዴል ቢጫ ሲሆን፦ የክሊር ችግርና መፍትሄ

በትንሹ የተሠራው የሚኒባስ ሞዴል ነጭና ሰማያዊ ነበር። አሁን ነጩ ቢጫ ሆኗል፣ ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ሄዷል። ቀይ የኋላ መብራቱ ግን እንደነበረ ነው። እንዲህ ያለ ሞዴል ይዘው ሲመጡ ብዙዎቹ "ቀለሙ ለቀቀ" ይላሉ። አይደለም። ቀለም ሲለቅ ይደበዝዛል እንጂ ሰማያዊው አረንጓዴ አይሆንም። ቢጫ የሆነው ክሊሩ ነው፤ ቀለሙን እንዲጠብቅ ከላይ የተቀባው ቀለም አልባ ሽፋን። ሞዴሉን በቢጫ መስታወት እንደማየት ነው።

ከመፍረዳችሁ በፊት ጥጥ በሳሙና ውሃ አርጥቡና ጥግ ላይ ጥረጉ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ቦታው ከነጣ ጭስ ነው። እኛ ዘንድ ቡና ሲፈላ ዕጣን አለ፣ ገጠር ከሆነ ደግሞ የኩበት ጭስ አለ። አጥቡት፣ ከምድጃው አርቁት፣ አለቀ። ካልለቀቀ ቀጥሉ።

ዋናው ጥፋት፦ የእንጨት ቫርኒሽና የእንጨት ሃርድነር

እኔ ጋ የሚመጣው ቢጫ ሞዴል አብዛኛው ከዚህ አያልፍም።

ከመሐል ሜዳ የመጣ ልጅ ጋቢናው ነጭ የሆነ አይሱዙ ይዞ መጣ። እጁ ወርቅ ነው፤ የጎን መስታወቱን ሳይቀር ሠርቶታል። "ክሊር ነው የቀባሁት" አለኝ። ጣሳውን አምጣ አልኩት። ለበርና ለቁምሳጥን የሚሆን የዘይት ቫርኒሽ ነበር። ክዳኑን ስንከፍተው ገና ከጣሳው ማር መስሏል። ለቁምሳጥን ጥሩ ነው፣ እንጨቱን ያሞቀዋል። ነጭ ጋቢና ላይ ግን ጥፋት ነው።

ዘይት ያለበት ቫርኒሽ የሚደርቀው አየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ነው። ያ ሥራ ከደረቀም በኋላ ቀስ እያለ ይቀጥላል፤ ቢጫውን የሚያመጣው እሱ ነው። ሰው የማይጠብቀው ደግሞ ጨለማ ውስጥ ይብስበታል። አንድ ተማሪ የቤተ ክርስቲያን ሞዴሉን ካርቶን ውስጥ ዘግቶ አስቀምጦ ሲከፍተው ግድግዳው ሁሉ ቢጫ ሆኖ ጠበቀው። "ፀሐይ አላየም እኮ!" ይለኛል። ፀሐይ ስላላየ ነው። እንዲህ ያለውን መስኮት አጠገብ ብታቆዩት ትንሽ ሊነጣ ይችላል፤ እንደ አዲስ ግን አይሆንም።

ሁለተኛው የበለጠ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ሰውየው ትክክለኛውን ክሊር ገዝቷል። የመኪና ባለ ሁለት ክሊር፣ ማለትም ከሃርድነር (ከሚያጠነክረው ፈሳሽ) ጋር ተደባልቆ የሚነፋው፣ ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ ሃርድነሩ ላይ ነው። ጋራዡ ውስጥ የራሱ ሃርድነር ሲያልቅ የእንጨት ፖሊዩሬቴን ሃርድነር ይጨመርበታል። ይደርቃል፣ ያብለጨልጫል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይወስዳል። ከጊዜ በኋላ ፀሐይ የሚያገኘው ጣሪያው ቢጫ ይሆናል፣ ሆዱ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ጣሪያው ቢጫ ሆዱ ነጭ ካያችሁ ሌላ ምክንያት ከመፈለጋችሁ በፊት ሃርድነሩን ጠይቁ።

የእንጨት ሃርድነር ብዙውን ጊዜ አሮማቲክ ነው፤ ቲዲአይ የሚባለው ዓይነት። ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል። ለመኪና የሚሠራው አሊፋቲክ ነው፤ ኤችዲአይ የሚል ጽሑፍ ታገኙበታላችሁ። እሱ ፀሐይ ይችላል። ሁለቱም ጠርሙስ ውስጥ ውሃ ይመስላሉ፤ በዓይን አትለዩአቸውም። ስለዚህ በውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ የሚሸጥ ሃርድነር አትግዙ! ሻጩ ወዳጃችሁም ቢሆን አትግዙ። ጽሑፍ የሌለው ነገር ምን እንደሆነ እሱም አያውቅም። የነጣና የደፈረሰ ሃርድነርም እርጥበት የገባው ነው፣ ጣሉት።

ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ፀሐይዋ የማትጎዳ የሚመስለው አለ። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ የሚያቃጥለው ጨረር ይበረታል። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ከሚሞቃችሁ ፀሐይ ይልቅ ቢጫ የሚያደርገው ጨረር እዚህ ላይ ይጠነክራል።

ታዲያ ምን ይገዛ?

አክሪሊክ። ጣሳው ላይ አክሪሊክ የሚል ፈልጉ። አልኪድ፣ ናይትሮ፣ "ለእንጨት" የሚሉትን ለነጭ ሞዴል እርሷቸው። ናይትሮ ቶሎ ስለሚደርቅ ይወደዳል፤ እሱም በፀሐይ ቢጫ ይሆናል። ፖሊዩሬቴን የሚል ቃል ብቻውን አያስፈርድም፤ በውሃ የሚቀጥነው ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። ከውጭ የሚልክላችሁ ሰው ካለ የታሚያ ኤክስ-22 ክሊር ለኤርብራሽ (ለትንሿ ቀለም መንፊያ) ይስማማል። ሚስተር ሱፐር ክሊር ደግሞ ጨረር የሚከላከል ዓይነት አለው።

ባለ ሁለቱን የመኪና ክሊር ከመረጣችሁ መጠኑን ጣሳው ላይ እንደተጻፈው ለኩ። በግምት አይሆንም። መጀመሪያ ስስ አድርጋችሁ ንፉ፣ ቲነሩ ፕላስቲኩን ይበላል። የተለጠፈ ጽሑፍ ካለበት ደግሞ የበለጠ አሳሱት። ሃርድነሩ ሳንባ ይጎዳል፣ አስም ያመጣል። የጨርቅ ማስክ ምንም አያደርግላችሁም። ቤት ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት፣ በፍጹም አትንፉ።

አዲስ ጣሳ ስትገዙ ሁለት ነጭ የፕላስቲክ ማንኪያዎች ቀቡ። አንዱን ግማሹን በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍናችሁ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አስቀምጡ። ሌላውን ካርቶን ውስጥ ዝጉ። ብዙ ሰው የመስኮቱን ብቻ ይሞክርና የዘይቱ ቫርኒሽ ያመልጠዋል። አንድ በጋ ሙሉ ቢቆይ ጥሩ ነው፤ ጥቂት ሳምንትም ቢሆን መጥፎውን ያሳያል።

ቢጫ የሆነውን ማዳን

ከላዩ ሌላ ክሊር መደረብ አያድነውም፣ ቢጫውን ከሥር ይቆልፈዋል። በቲነር መጥረግም አትሞክሩ፣ ቀለሙንና ፕላስቲኩን አብሮ ያወርደዋል። ክሊሩ ወፍራም ከሆነ በ1500 ከዚያም በ2000 ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እየፈተጋችሁ አሳሱት። ሲሳሳ ቢጫውም ይቀንሳል። ጠርዝ ላይ ቀስ በሉ፣ ቀለሙ ቶሎ የሚወጣው እዚያ ነው። ካልበቃ እስከ ቀለሙ ፈትጉት፣ ነጭ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚነፋ መሠረት) ንፉና እንደገና ቀቡ።

ቢጫ የሚመስሉና ሌሎች

የእንጨት ሞዴል ላይ እዚህም እዚያም ቢጫ ነጥብ ከወጣ ከጥዱ ጉጥ የሚወጣ ሙጫ ነው። ከቀለሙ በፊት አልኮል ውስጥ የሚሟሟ ሼላክ ቀቡበት።

ክሊሩ እንደደረቀ ነጭ ጉም ከለበሰ እርጥበት ነው። ቲነሩ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ ውሃ እዚያው ያርፋል። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ፣ ደብረ ብርሃንም በክረምት፣ አትንፉ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሲወጣ፣ ቀስ ብሎ በሚተን ቲነር ስስ አድርጋችሁ ብትደግሙት ይጠራል።

ማት (የማያብለጨልጭ) ክሊር ነጭ ዱቄት ከመሰለ ጣሳው በደንብ አልተናወጠም፤ የሚያብለጨልጭ ክሊር ከላዩ ሲነፋ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

መስኮቱ ውስጥ የተያዘ ነጭ ጭጋግ የሱፐር ግሉ ትነት ነው።

ከኢፖክሲ የተሠራ የፊት መብራት ግን ራሱ ኢፖክሲው ነው ቢጫ የሚሆነው። አውጥታችሁ ከጠራ ፕላስቲክ ሥሩት።