በባቡር ወደ ድሬዳዋና ሐረር ሲጓዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ ለመጓዝ ባቡርን የሚመርጥ አገር ጎብኚ ከደጋው ብርድ ተነሥቶ፣ ስምጥ ሸለቆውን አቋርጦ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ቆላ ይገባል፤ አዋሽንና ድሬዳዋን በአንድ መሥመር ላይ ያገኛቸዋል፤ ከድሬዳዋም በመኪና ወደ ሐረር ይወጣል። በዚህ መሥመር ስመላለስ ያስተዋልሁት ግን ብዙ ሰው ባቡሩን እንደ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ቆጥሮ ስለሚነሣ ጉዞው ገና ከጅምሩ እንደሚበላሽበት ነው። አውቶቡስ መሀል ከተማ ያደርሳል፤ ቢያመልጥም ሌላ ይገኛል። ባቡር የራሱ ቀን፣ የራሱ ሰዓትና ከከተማ ወጣ ያለ የራሱ ጣቢያ ስላለው፣ የቀረው የጉዞ ዕቅድ ሁሉ በእርሱ ዙሪያ መዋቀር ይኖርበታል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ አለመገንዘብ የሚመነጩ ናቸው።

ለገሃር ሄዶ ባቡር መጠበቅ

ለገሃር የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ባቡር ጣቢያ ማለት በመሆኑ፣ ለአዲስ አበባ ሰው ባቡርና ለገሃር ተለያይተው አያውቁም። ይሁን እንጂ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የቀድሞው ባቡር ሥራውን ካቆመ ቆይቷል። በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጠው በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአዲስ አበባ - ጅቡቲ ባቡር የሚነሣው በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ከሚገኘው የፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። ግራ መጋባቱን የሚያብሰው የከተማው ቀላል ባቡር ለገሃር አጠገብ ፌርማታ ያለው መሆኑ ነው። ቀላል ባቡሩ ግን ከአያት ጦር ኃይሎችና ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ እንዲያመላልስ የተዘረጋ የከተማ መጓጓዣ እንጂ ለቡ ድረስ የሚወስድ አይደለም። ስለዚህ ከዋዜማው ታክሲ መነጋገር፣ የጠዋቱን የመንገድ መጨናነቅም አስቦ በጊዜ መነሣት ያስፈልጋል። የቀድሞውን የለገሃር ሕንፃና ከፊት ለፊቱ የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ማየት ለሚፈልግ ግን ከጉዞው ቀን በፊት ያለው ከሰዓት በኋላ ጥሩ ጊዜ ነው።

ሰዓቱንና ቀኑን አለማጣራት

ይህ ስህተት እኔንም አግኝቶኛል። ከአሜሪካ የመጣች የአክስቴ ልጅ ትኬቱን ከቆረጠች በኋላ ደውላ «ባቡሩ ስምንት ሰዓት ላይ ነው» አለችኝ። እኔ የሰማሁት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፤ እርሷ የተናገረችው ግን ትኬቱ ላይ የተጻፈውን 8፡00፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓትን ነበር። ምሳችንን በልተን ጣቢያው ስንደርስ አዳራሹ ባዶ ነበር፤ ጥበቃው ትኬታችንን አገላብጦ ካየ በኋላ «እህቴ፣ ይሄ እኮ ጠዋት ሄዷል» ሲለን የአክስቴ ልጅ ፊቷን የሸፈነችበትን ሁኔታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ለዕረፍት ከያዘችው አጭር ጊዜ ላይ ሁለት ቀን ጎደለባት።

ስለዚህ ሰዓት ሲነጋገሩ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» የሚለውን ቃል ሳይጨምሩ አይነጋገሩ፤ ቀኑንም በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር ጎን ለጎን ጽፈው ይያዙ። በተለይ ከውጭ አገር ከሚመጡ ዘመዶች ጋር ጉዞ የሚያቅድ ሰው ይህን እንደ ትርፍ ጥንቃቄ ሊቆጥረው አይገባም። ከዚህም ጋር የረጅም ርቀቱ የመንገደኞች ባቡር በየቀኑ ይነሣል ብሎ መገመት አይገባም። የተለመደው አካሄድ አንድ ቀን ወደ ምሥራቅ ሄዶ በማግሥቱ መመለስ ነው፤ መርሐ ግብሩም ሊቀየር ስለሚችል፣ ሆቴል ከመያዝዎ በፊት የሚነሣበትን ቀን፣ በመሥመሩ ላይ ያለውን የጸጥታ ሁኔታ ጭምር፣ በጉዞው ሳምንት ከጣቢያው ያረጋግጡ።

መታወቂያ ረስቶ፣ ዕቃ አብዝቶ መምጣት

ትኬት የሚቆረጠው በስም ነው፤ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ለመቁረጥም ለመሳፈርም ይጠየቃል። ሻንጣ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ይፈተሻል፤ ቢላዋና ተቀጣጣይ ነገር አያልፍም። ለመንገዱ የሚሆን ውኃና ስንቅ ግን መያዝ ይገባል።

ከመስኮት የሚያርቅ ቦታ መቁረጥ

ፉርጎዎቹ መቀመጫ ያላቸውና አልጋ ያላቸው ተብለው ይለያሉ። አልጋ ካላቸው ውስጥ የላይኛውን የያዘ ሰው መተኛት እንጂ ወደ ውጭ ማየት አይሆንለትም። ለመጎብኘት የሚሄድ ሰው ይህን ሳያውቅ ባገኘው ቦታ ሲሳፈር የጉዞውን እኩሌታ ያጣዋል፤ ምክንያቱም መንገዱ ራሱ የሚጎበኝ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስትሆን፣ መተሐራ ላይ ከፍታው ወደ 950 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ቢሾፍቱና ሞጆ የጤፉ ማሳ ነው፤ ከአዳማ ወዲያ ግራሩ እየሳሳ፣ አፈሩ እየጠቆረ፣ ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ የፈሰሰው ድንጋይ ሜዳውን ይሞላዋል፤ ከዚያ ወዲያ ግመል ማየት ይጀመራል።

አንድ ጊዜ ከአንዲት የድሬ እናት ጋር ትይዩ ተቀምጬ ነበር። ፀሐዩ ሲበረታ መጋረጃውን ልስበው እጄን ስዘረጋ፣ «ተይው ልጄ፣ አዋሽን ልየው» አሉኝ። የአዋሽን ሸለቆ ሲያዩ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው አጣጠፉና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ «ከዚህ ወዲያ ብርድ የለም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትኬት ስቆርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው መስኮት ነው። ቦታው ለሁሉም ስለማይበቃ ቀደም ብሎ መቁረጥ ይሻላል።

አዋሽ ላይ ወርዶ ፓርኩን በእግር መፈለግ

በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመውና 756 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በመተሐራና በአዋሽ ሰባት ኪሎ መካከል ይገኛል። ባቡሩ በአካባቢው ስለሚያልፍ፣ ወርዶ ጥቂት በመራመድ ሳላ የተባለውን ረጅም ቀንድ ያለውን የዱር እንስሳ ማየት የሚቻል የሚመስላቸው አሉ። አራዊት ባለበት በእግር መዘዋወር አደጋ ነው፤ የፓርኩ መግቢያ ያለው በመኪናው አውራ ጎዳና ላይ ነው፤ ከመግቢያው እስከ አዋሽ ፏፏቴም ሆነ በሰሜን በኩል ዘንባባ መካከል ወዳለው ፍልውኃ ለመድረስ መኪና የግድ ነው። ስለዚህ በኮንትራት የሚይዙትን መኪና ከጣቢያው ውጭ ሳይሆን ከመነሣትዎ በፊት በስልክ ይነጋገሩ፤ የጦር መሣሪያ የያዘ የፓርኩ ስካውት አብሮ እንደሚሄድም ታሳቢ ያድርጉ። ሳላዎች በጠዋትና አመሻሽ ሲሰማሩ በቀላሉ ይታያሉ፤ በቀትር ጥላ ፈልገው ስለሚያርፉ፣ በቀትር የሚደርስ ሰው አዋሽ አድሮ ማለዳ ቢገባ ይመረጣል። በአዋሽ ሰባት ኪሎ ያለው የቀድሞው የባቡር መንገደኞች ማረፊያ፣ ሰዉ ቡፌ ዳዋሽ የሚለው፣ የጥንቱን የባቡር ጉዞ መልክ የሚያሳይ ስለሆነ ለብቻውም ቢጎበኝ አይቆጭም።

«የሐረር ትኬት» መጠየቅ

ወደ ሐረር የሚሄድ ባቡር የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ ሐዲዱ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። የተራራው ዳገት ግን ሥራውን እጅግ ከባድና ውድ ስላደረገው መሥመሩ ከተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ የደረሰበት ያ ሜዳ አዲስ ሐረር ተባለ፤ እርሱም የዛሬዋ ድሬዳዋ ነው። ስለዚህ ሐረርን ለማየት ድሬዳዋ ወርዶ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ በሚኒባስ መውጣት ያስፈልጋል። መንገዱ በደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት ያልፍና ወደ ሐረማያና አወዳይ ይዘልቃል። ከፍታው ከ1,200 ሜትር ገደማ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ለምሽት የሚሆን ሹራብ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አዲሱ የድሬዳዋ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። መንገደኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚወርድ ባጃጅና ታክሲው ወዲያው ይሻማል፤ ሻንጣ የበዛበት ሰው የሚቀበለው ሰው ቢያዘጋጅ ይቀለዋል።

ድሬዳዋን ማለፊያ ብቻ ማድረግ

ከባቡር ወርደው ወዲያው ወደ ሐረር የሚሮጡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ይህ በእኔ አስተያየት ከስህተቶቹ ሁሉ የሚያሳዝነው ነው። ድሬዳዋ ባቡር የፈጠራት ከተማ ናት፤ ስለ ባቡር ታሪክ የምትነግረውን ያህል ሌላ ቦታ አይገኝም። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ያሉት ጥላ የሞላባቸው ቀጥ ያሉ መንገዶች የባቡር ሠራተኞች እንዲኖሩባቸው የተቀየሱ ናቸው። የቀድሞው ጣቢያ አሁንም እዚያው አለ፤ ነዋሪው ምድር ባቡር በሚለው ግቢ ውስጥ አሮጌዎቹ ፉርጎዎችና ወርክሾፑ ይታያሉ፤ ለመግባት ግን ፈቃድ መጠየቅ ይገባል፤ ፎቶ ማንሣትም ከፈቃድ በኋላ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላና የቀፊራ ገበያ ደግሞ የከተማዋ ሌላው ገጽ ነው።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛው፣ ድሬ ላይ ቀትር የዕረፍት ሰዓት ነው፤ ብዙ ሱቆችና ቢሮዎች ይዘጋሉ፤ ሙቀቱም ስለሚበረታ ገበያውን በጠዋት ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጎብኘት ይገባል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ በተለይ ይከብዳል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የተሻለ ነው። ሁለተኛው ደቻቱን ይመለከታል። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ስለሚታይ እንግዳ ሰው እንደ ሜዳ ይቆጥረዋል። ነገር ግን በከተማው ሳይዘንብ ተራራው ላይ የጣለ ዝናብ በድንገት ይወርዳል፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በክረምት አሸዋው ላይ መቆምም ሆነ መኪና ማቆም አይገባም።

ሐረርን በግማሽ ቀን ለመጨረስ መሞከር

ጁገል፣ ማለትም በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በአሚር ኑር ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተሠራው ግንብ ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ፤ የውስጥ ለውስጥ መተላለፊያዎቹም ከ360 በላይ ናቸው። ጠዋት ከድሬዳዋ ወጥቶ ከሰዓት የሚመለስ ሰው አንድ ሙዚየምና አንድ በር አይቶ ይመለሳል። ጅቦቹ ከግንቡ ውጭ የሚመገቡት ከመሸ በኋላ ስለሆነ ደግሞ ሐረር ያላደረ ሰው አያያቸውም።

ለሐረር ቢያንስ አንድ ሌሊት ይመድቡ። ከፈረስ መጋላ ተነሥተው «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ ሲወርዱ ከግራና ከቀኝ የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ይከተላችኋል፤ ጨርቅ ገዝቶ እዚያው ማሰፋት ይቻላል። የአካባቢውን አስጎብኚ መያዝ ከመጥፋት ከማዳኑም በላይ በሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ውስጥ ለመግባት በር ይከፍታል። የቤቱ መደብ በደረጃ የተሠራና እያንዳንዱም የሚቀመጥበት ሰው የተለየ ስለሆነ፣ ገብቶ ደስ ባለው ቦታ መቀመጥ ነውር ነው፤ ባለቤቷ እስኪያመለክቱ ቆሞ መጠበቅ፣ ጫማም በር ላይ ማውለቅ ያስፈልጋል።

በዚያው ቀን በረራ መያዝ

በሐዲዱ ላይ ከብትና ግመል ይገባል፤ የኤሌክትሪክ መቋረጥም ያጋጥማል፤ ስለዚህ ባቡሩ ሊዘገይ ይችላል። ከድሬዳዋ ተመልሶ በዚያው ምሽት ወደ ውጭ አገር ለመብረር ትኬት የቆረጠ ሰው ጭንቀት ሸምቷል፤ በመካከሉ አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ማደር አለበት። ወደ ጅቡቲ የሚዘልቅ ደግሞ ደወሌ ላይ ድንበር ስለሚሻገር፣ ፓስፖርቱንና የጅቡቲን ቪዛ አስቀድሞ ያዘጋጅ፤ የባቡሩ መድረሻ ነጋድም ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ያለ ጣቢያ መሆኑን ይወቅ።

የመመለሻውን ትኬት እስከ መጨረሻው ቀን ማቆየትም ያው ችግር አለው። ባቡሩ በሚመለስበት ቀን ቦታ ከሞላ የሚቀጥለውን መጠበቅ ግድ ይሆናል። ድሬዳዋ እንደደረሱ፣ ወደ ሐረር ሚኒባሱን ከመሳፈርዎ በፊት፣ የመመለሻዎን ቦታ በመስኮት በኩል ይያዙ፤ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ያጣጠፉትን ነጠላ ወይም ሹራብም ከሻንጣው በላይ ያድርጉት፤ ከአዳማ በኋላ ይፈልጉታል።