በጋዜጣ ኩባያ የፈላ ችግኝ ለምን ይጠወልጋል?

ጥቁሩን የችግኝ ፕላስቲክ ከተውኩ ወዲህ ቲማቲሙንም ቃሪያውንም የማፈላው በጋዜጣ ኩባያ ነው። ጋዜጣውን በለስላሳ ጠርሙስ ላይ ጠቅልዬ፣ ታቹን አጥፌ፣ አፈር እሞላዋለሁ። ሲደርስ ከነኩባያው ይተከላል፤ ሥሩ አይነካም። የፕላስቲክ ቅዳጅም ጎርፍ ጠርጎ ጣና አያስገባም። ግን ኩባያው ራሱ ከችግኙ ጋር ውሃም ምግብም ይሻማል። ብዙው ችግር የሚመጣው ይሄን ከመርሳት ነው።

ከተተከለ በኋላ፣ ውሃ እየጠጣ ይጠወልጋል

በጣም ያደከመኝ ይሄኛው ነው። ወሩ መጋቢት ነበር። ጠዋት ማታ አጠጣለሁ፤ ቲማቲሙ ግን ቀትር ላይ አንገቱን ይደፋል። በመጨረሻ አንዱን ቆፍሬ አወጣሁት። ዙሪያው ያለው አፈር እርጥብ ነው። ኩባያው ውስጥ ያለው ግን በጣቴ ስነካው እንደ ዱቄት ተበተነ። ሥሩም ወረቀቱን ሳይበሳ ታች ተጠምጥሞ ቀርቷል።

ምክንያቱ የኩባያው ከንፈር ነው። ከአፈሩ በላይ ሁለት ጣት የሚያህል ወረቀት ትቼ ነበር። ወረቀት እንደ ኩራዝ ክር ነው፤ እርጥበቱን ከታች እየሳበ ያወጣዋል፣ ፀሐይና የሐይቁ ነፋስ ይወስዱታል።

ስለዚህ ከመትከላችሁ በፊት ኩባያውን በደንብ እስኪርስ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ከንፈሩን ቅደዱት፣ ታቹንም ክፈቱለት። ምንም ወረቀት እንዳይታይ አፈር አልብሱት። አመሻሽ ላይ ብትተክሉ ይመረጣል። ቀድማችሁ ተክላችሁ ከሆነም ብቅ ያለውን ቅደዱና ግንዱ ሥር ቀስ ብላችሁ አጠጡ።

የታች ቅጠሎቹ ቢጫ ይሆናሉ

መጀመሪያ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ። ጭቃ ከሆነ ውሃ በዝቶበታል፤ ቀንሱ። ካልሆነ ግን ርቦት ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅን ይፈልጋሉ፤ የሚያገኙትም ከዚያው አፈር ነው። ፍግ ዘፍዝፉ፣ ቀጭን ሻይ እስኪመስል በርዙት፣ በሳምንት አንዴ ስጡት። ለሚቀጥለው ዙር ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። ጥቁር አፈር ያለ አሸዋ ሲደርቅ ድንጋይ ነው።

ኩባያው ላይ ነጭ ሻጋታ ይወጣል

ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ከወረቀቱ ጋር ነው፣ አትደንግጡ። ኩባያዎቹን አራርቁ፣ ጠዋት ብቻ አጠጡ። ግንዱ አፈሩ ጋ እንደ ክር ቀጥኖ ከወደቀ ግን በሽታ ነው። ከነአፈሩ አውጥታችሁ ጣሉት፤ አፈሩን ደግማችሁ አትጠቀሙበት።

ሳይደርስ ይፈርሳል

ጋዜጣውን ደርቡት። ክረምት ላይ ከጣሪያ ሥር አስቀምጡት። ስታዘዋውሩም ኩባያውን ሳይሆን ትሪውን አንሱ። ሥሩ በወረቀቱ በኩል ብቅ ካለ ጊዜው ደርሷልና ትከሉት።

ለሽንኩርትና ለጥቅል ጎመን ኩባያ በመሥራት አትድከሙ፤ መደብ ላይ ፈልተው ተነቅለው ቢተከሉ ይይዛሉ። ልፋቱ የሚክሰው ለዱባና ለዝኩኒ ነው፤ ሥራቸው ሲነካ አይወዱም። በየኩባያው ሁለት ፍሬ ዝሩ፤ ሲበቅሉ ደካማዋን አትንቀሏት፣ በመቀስ ቁረጧት።