«ኮምቦልቻ» ብቻ አትበሉ፦ የአገር ስም መመሳሰል የሚያመጣው ጣጣ

ትኬት መቁረጥ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ዓይነት ስህተት ደጋግሜ ሳይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። መንገደኛው የአገሩን ስም በትክክል ይናገራል፤ የሚደርሰው ግን ሌላ ቦታ ነው።

የትኛው ኮምቦልቻ?

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መናገር ያቅተኛል። አንዱ ኮምቦልቻ ደቡብ ወሎ፣ ደሴ አጠገብ ነው። ሌላው ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ከሐረር ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው የጫትና የአትክልት አገር ነው።

አንድ አዲስ የተመረቀ ነርስ በስልክ «ኮምቦልቻ ደርሶሃል» ተባለ። እሱ የሚያውቀው የወሎውን ነው። ፍራሹን ጠቅልሎ፣ እናቱ ያዘጋጀችለትን በሶ ይዞ ሌሊት 11 ሰዓት ተሳፈረ። አልቤርጎ አደረ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደብዳቤውን ሲያሳይ ጸሐፊዋ ራስጌውን አየችና «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የሐረርጌ ነው» አለችው። ዞኑ ከላይ ተጽፏል፤ እሱ ያነበበው የከተማዋን ስም ብቻ ነበር።

ለእኔ የደወለው ያኔ ነው። አቋራጭ ካለ ብሎ ጠየቀኝ። በባቲ ሚሌ ወርዶ፣ የጅቡቲን መንገድ ይዞ አዋሽ፣ ከዚያ ወደ ሐረር መታጠፍ ይቻላል። ግን ፍራሽ ተሸክሞ፣ በማያውቀው አገር መኪና እየቀያየረ? ወደ አዲስ አበባ ተመለስ አልኩት። በእጁ የነበረው ብር የመመለሻ ብቻ ነበር።

ልጁን አልወቅስም። የምወቅሰው «ኮምቦልቻ» ብለው ስልኩን የሚዘጉትን ነው። «የሐረሩ» ብሎ አንድ ቃል መጨመር ምን ያህል ይከብዳል? ሰው ሥራ በሚጀምርበት ሳምንት ለምን ይንከራተታል? ካርቶን ላይ «ኮምቦልቻ» ብቻ ጽፋችሁ ዕቃ የምትልኩም እንደዚሁ ናችሁ። ዞኑን ጻፉበት። በአውሮፕላን ለምትሄዱ ደግሞ፣ ትኬት ስትፈልጉ የሚመጣላችሁ ኮምቦልቻ የወሎው ነው። ለሐረሩ የምትወርዱት ድሬዳዋ ነው።

ሶዶ

ወላይታ ሶዶ አለ፣ የጉራጌ ሶዶ አለ። የጢያን ትክል ድንጋዮች ለማየት የሚነሱ ሰዎች «ሶዶ ውስጥ ነው» የሚል ያነቡና ወላይታ ድረስ ይሄዳሉ። ድንጋዮቹ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ያሉትም በቡታጅራ መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው። የሚያበሳጨው፣ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወደ ወላይታ የሚሄደው መኪና ጢያን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ሰውየው መስኮቱ አጠገብ እንቅልፍ ወስዶት ያልፋል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ

ጣሪያው ላይ የመላእክት ፊት የተሳለበት ያ ውብ ቤተ ክርስቲያን ያለው ጎንደር ነው። ደብረ ብርሃን ከተማ ያለችው ሸዋ ነው። ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቻችን ስሙን አይተው ደብረ ብርሃን ሆቴል ይይዛሉ። ደብረ ሲናም እንደዚያው ነው፤ ከተማዋ የደሴ መንገድ ላይ፣ ደብረ ሲና ማርያም ጣና ዳር ጎርጎራ። «ደብረ» የሚል ስም ስታዩ፣ ከተማ ነው ወይስ ቤተ ክርስቲያን ብላችሁ ጠይቁ።

ዳላስና ደለስ

ይህንን እኔ ራሴ ተሳስቼዋለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት ልጅ ከአሜሪካ ደውላ «እማዬን ዳላስ ነው የምቀበላት» አለችኝ። ቴክሳስ ቆረጥኩ። ትኬቱን ሳስረክብ እማማ የልጃቸውን አድራሻ ከመቀነታቸው ፈተው አሳዩኝ። በአራት የታጠፈ ወረቀት ነው። ቨርጂኒያ ይላል። ልጅቷ ያለችኝ ደለስን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለውን የዋሽንግተን ዲሲውን አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ከዳላስ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ያህል ይርቃል። እንግሊዝኛ የማይችሉ እናት ብቻቸውን እዚያ ቆመው ሳስብ እስካሁን ይዘገንነኛል። የለውጡን ቅጣት ከኪሴ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ በስሙ አልተማመንም፤ የአውሮፕላን ማረፊያውን ሦስት መለያ ፊደላት አያለሁ። ደለስ አይ ኤ ዲ ነው፣ ዳላስ ዲ ኤፍ ደብሊው።

«ልጄ ዋሽንግተን ነው» ሲሉኝም ዲሲ ነው ወይስ ሲያትል እላለሁ። ሲያትል ያለችው ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ፣ በሌላኛው የአሜሪካ ጫፍ ነው።

ሌሎቹ በአጭሩ

ቡልቡላ፦ አንዱ ቦሌ ቡልቡላ፣ ሌላው ከዝዋይ ቀጥሎ በሻሸመኔ መንገድ ያለው ከተማ ነው። ዝዋይ ራሷ አሁን ባቱ ትባላለች፤ የባቱ ተራራ ግን ባሌ ነው።

አዋሽ፦ ሰባት ኪሎ፣ አርባ ወይስ መልካሳ? መልካሳ አዳማ አጠገብ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ሩቅ ናቸው።

ኮንጎ፦ ኪንሻሳና ብራዛቪል ወንዝ ብቻ ነው የሚለያቸው፤ ግን ሁለት አገር ናቸው፣ ቪዛቸውም ለየቅል ነው።

ሞያሌ፦ ድንበሩ ወዲህም ወዲያም ሞያሌ ነው። ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት የኢትዮጵያው ይሁን የኬንያው አጣሩ፤ የኬንያው ከሆነ ፓስፖርት ያዙ።