«48 ለ45» ሲሉን አንቸኩል፦ የምርጫ ጥናት ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሲቃረብ የቁጥር ዝናብ ነው። ጠዋት አንዱ ዕጩ 48 ለ45 ይመራል ይባላል። ማታ ሌላ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ይወጣና ነገሩ ተገልብጦ ያድራል። ሰዉ ያስደሰተውን ሼር ያደርጋል፤ ያላስደሰተውን «ተከፍሏቸው ነው» ብሎ ያልፋል። ቁጥሩ ከማን እንደተሰበሰበ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው ከተጠየቀ ልክ ነው ማለት

በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች የመጠይቅ ካርድ በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ መጣለት። ይህን ሁሉ ቆጥሮ ሪፐብሊካኑ አልፍ ላንደን ያሸንፋል አለ። ድምፁ ሲቆጠር ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። ለላንደን የቀሩት ሜይንና ቨርሞንት ብቻ ናቸው።

አድራሻዎቹ በብዛት የተለቀሙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን ነው? ደህና የሚኖረው። በዚያ ላይ ካርዱን ሞልቶ ለመመለስ የተጋው በሩዝቬልት መንግሥት የተማረረው ሰው ነበር። በዚያው ዓመት የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሉፕ እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተናገረ።

አሁንም ያው ነው። አንድ የቴሌግራም ቻናል «ማንን ትመርጣላችሁ?» ብሎ 200 ሺህ ሰው ቢጫን፣ የምናውቀው የዚያ ቻናል ተከታዮች የሚወዱትን ብቻ ነው። በዕጣ የተመረጡ 1,000 ሰዎች ይበልጡታል።

የ3 ነጥብ ብልጫን እንደ መሪነት መቁጠር

በዕጣ የተመረጡ 1,000 ሰዎች ሲጠየቁ የናሙና ስህተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 3 ነጥብ ግድም ነው። ስለዚህ 48 የተባለው ከ45 እስከ 51 ሊሆን ይችላል። 45 የተባለው ደግሞ ከ42 እስከ 48። በሁለቱ መካከል ላለው ልዩነት ሲሆን ስህተቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። «እየመራ ነው» የተባለው ሰውዬ እየተመራም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህም ሒሳብ የሚይዘው ከ20 ጊዜ 19ኙን ነው።

የባሰው ከዚያው ጥናት ውስጥ «ወጣቶች ፊታቸውን አዞሩ» የሚል ዜና ሲወጣ ነው። ከ1,000ው ውስጥ ወጣቶቹ 100 ብቻ ከሆኑ ስህተቱ 10 ነጥብ ይደርሳል። እንዲህ ዓይነት ርዕስ ሳይ እኔ ዝም ብዬ አልፋለሁ።

ያልመለሱትን መርሳት

ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ1997 ስልክ ከሚደውልላቸው 36 በመቶው ይመልሱለት ነበር። በ2018 ወደ 6 በመቶ ወርዷል። የማያውቀውን ቁጥር ማን ያነሳል? የሚያነሱት ጥቂቶች ደግሞ ከማያነሱት ይለያሉ።

አጥኚዎች ይህን የሚያርሙት ክብደት በመስጠት ነው። ከመራጩ 40 በመቶው ዲግሪ ያለው ሆኖ፣ ከመለሱት ግን 60 በመቶው ባለዲግሪ ነው እንበል። ያኔ የአንድ ባለዲግሪ መልስ እንደ 0.67 ሰው ይቆጠራል፤ ዲግሪ የሌለው ደግሞ እንደ 1.5። በ2016 በአሜሪካ ብዙ የግዛት ጥናቶች ይህን በትምህርት ደረጃ ሳያደርጉ ቀሩ። ባለዲግሪዎች ለመጠይቅ ይተባበራሉ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወደ ሂላሪ ክሊንተን ያጋድሉ ነበር። ክሊንተን ታሸንፋለች ለሚለው የተሳሳተ ግምት አንዱ ምክንያት ይሄ ሆነ፤ በመጨረሻው ሳምንት ሐሳባቸውን የወሰኑ መራጮችም ነበሩበት።

ያልተጠየቀውን ጥያቄ መመለስ

ይህን ካነሳን አይቀር፣ በ2016 አገር አቀፍ ጥናቶቹ እንደሚወራው አልወደቁም። በአማካይ ክሊንተን 3 ነጥብ ገደማ ትመራለች አሉ፤ በጠቅላላ ድምፅ በ2.1 ነጥብ በለጠች። ግን ፕሬዚዳንቱን የሚወስነው ኤሌክቶራል ኮሌጅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ግዛት ያሸነፈ የዚያን ግዛት የወኪሎች ድምፅ ሁሉ የሚወስድበት አሠራር ማለት ነው። ዶናልድ ትራምፕ ሚሺጋንን፣ ዊስኮንሲንንና ፔንሲልቬንያን ሦስቱም ተደምረው 80 ሺህ በማይሞላ ድምፅ ወሰዱ። አገር አቀፉ ቁጥር ይህን ሊያሳይ አይችልም፤ ሥራውም አልነበረም።

«የማሸነፍ ዕድሉ 70 በመቶ» የሚለውን «70 በመቶ ድምፅ ያገኛል» ብሎ ማንበብም ከዚሁ ይመደባል። 30 በመቶ ዝናብ ይዘንባል ተብሎ ስንቴ በስብሰናል!

አንዱን ጥናት አንጠልጥሎ መሮጥ

በ2024 ምርጫው ሊደርስ ሲል በአዮዋ ግዛት የወጣ፣ ስመ ጥር የነበረ ጥናት ካማላ ሃሪስን በ3 ነጥብ አስመራ። ትራምፕ እዚያው በ13 ነጥብ አሸነፉ። የብዙ ጥናቶችን አማካይ ማየት ይሻላል። ግን ሁሉም ወደ አንድ ጎን አብረው ሊያዘነብሉ ይችላሉ፤ በ2020 የሆነው ይኸው ነው። የዕጩው ቡድን ራሱ አስጠንቶ የሚለቀው ቁጥር ከሆነስ? የሚለቀቀው ሲያምር ብቻ ነው።

ቀኑን አለማየት

ጥናቱ መቼ ተጠየቀ? መቼ ወጣ አላልኩም። በ1948 ጋሉፕን ጨምሮ ታላላቆቹ አጥኚዎች ሪፐብሊካኑ ቶማስ ዲዊ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማንን ማሸነፉ አይቀርም ብለው ምርጫው ሳምንታት ሲቀሩት መጠየቅ አቆሙ። መራጩ ግን ማሰቡን አላቆመም። ቺካጎ ትሪቢዩን «ዲዊ ትሩማንን አሸነፈ» የሚል ጋዜጣ አትሞ አደረ። ያሸነፉት ሃሪ ትሩማን ግን ያንኑ ጋዜጣ ከባቡር ላይ ሆነው ከፍ አድርገው፣ ጥርሳቸው እስኪታይ እየሳቁ ፎቶ ተነሱበት።