የመንግሥታትን የአነስተኛ ንግድ ድጋፍ እንዴት እናነጻጽር?

በተለያየ የኢኮኖሚ ሥርዓት ውስጥ ያሉ መንግሥታት ለአነስተኛ ንግድ የሚሰጡትን ድጋፍ ለማነጻጸር የተነሣ ሰው «ካፒታሊዝም»፣ «ሶሻሊዝም» ከሚሉት ስያሜዎች ከሚጀምር አንድ ተጨባጭ ድርጅት ቢይዝ ይሻለዋል። ለአብነት በጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማና ሌላም የቤት ዕቃ የሚሠሩ፣ አራት ሠራተኞች ያሏቸውና የእንጨት መላጊያ ማሽን ለመግዛት ያሰቡ አንድ ባለሙያ እንውሰድ፤ እኚህኑ ሰው በየአገሩ ሕግ ውስጥ እያስገቡ መፈተሽ ነው።

በቅድሚያ ትርጓሜው ይታይ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ በሠራተኛ ብዛት እስከ 5 ያለውን ጥቃቅን፣ ከ6 እስከ 30 ያለውን አነስተኛ ይለዋል። በአውሮፓ ኅብረት ግን ከ10 በታች ጥቃቅን፣ ከ50 በታች አነስተኛ ነው። ስለዚህ «አነስተኛ ድርጅቶች ይህን ያህል ተበደሩ» የሚሉ ሁለት ሪፖርቶች ስለ አንድ ዓይነት ድርጅት ላይናገሩ ይችላሉ።

ቀጥሎ የሚጠየቀው፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው፣ ብድሩ ባይመለስ ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 የተቋቋመው የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር በዋናው የብድር መርሐ ግብሩ ገንዘቡን ራሱ አያበድርም፤ ለአበዳሪው ባንክ እስከ 150,000 ዶላር ለሚደርስ ብድር እስከ 85 በመቶ፣ ከዚያ ለሚበልጠው እስከ 75 በመቶ ዋስ ይሆናል። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ የሊዝ ፋይናንስ መንገድ ደግሞ ሌላ ነው፤ ተበዳሪው 20 በመቶ ያዋጣል፣ ባንኩ 80 በመቶውን ሸፍኖ ማሽኑን ይገዛል፣ ክፍያው እስኪያልቅም ማሽኑ የባንኩ ንብረት ሆኖ ስለሚቆይ ቤት ወይም መኪና ማስያዝ ለማይችል ሰው በር ይከፍታል። ሆኖም አራት ሠራተኛ ይዘው በጥቃቅን የሚመደቡት ባለሙያችን በዚህ መስኮት ይስተናገዱ እንደሆነ፣ ከመደምደም በፊት ከባንኩ ጠይቆ ማረጋገጥ ይገባል።

መንግሥት ምርቱንና ንግዱን በሚያዝበት የዕዝ ኢኮኖሚ ውስጥ ከብድር የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ እርሱም ፈቃድ ነው። በደርግ ዘመን የግል ኢንዱስትሪ ካፒታል ከ500,000 ብር እንዳያልፍ በአዋጅ ተገድቦ ነበር። ኩባም እ.ኤ.አ. በ1968 አነስተኛ የግል ንግዶችን ወርሳ፣ እስከ 100 ሠራተኛ ያላቸው የግል ድርጅቶች እንዲቋቋሙ በሕግ የፈቀደችው በ2021 ነው። ሥርዓቷን ሶሻሊስት የምትለው ቻይና በአንጻሩ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶችን የሚያበረታታ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በሥራ ላይ አውላለች። ስያሜ ብቻውን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

ከገንዘብ ውጭ ያለው ድጋፍም አይዘለል። በእኛ አገር ለተደራጁ ሰዎች የሚሰጥ የመሥሪያ ሼድ ትልቅ ድጋፍ ቢሆንም፣ ለምሳሌ ከጅማው ሂርማታ ገበያ ርቆ ከተሠራ የትራንስፖርት ወጪው ሊበላው ይችላል፤ ይህ በብድር አኃዝ ውስጥ አይታይም።

በመጨረሻም የየአገሩን የብድር ጣሪያ ወደ ዶላር መንዝሮ ከመደርደር ይልቅ፣ መላጊያ ማሽኑ በዚያው አገር ገበያ ከሚሸጥበት ዋጋ ብድሩ ምን ያህሉን እንደሚሸፍን አስልቶ ማስቀመጥ የተሻለ ነው።